ቀርከሃ፣ አጣና ወይስ ብረት? ለየትኛው ሥራ የትኛውን እንግዛ

«ቀርከሃ ከብረት ይጠነክራል» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ውሸት አይደለም። ግን የሚነገረው ግማሹ ብቻ ነው፣ የቀረው ግማሽ የሚታወቀው ጣሪያው ከጎበጠ ወይም ምሰሶው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀርከሃን ከአጣና፣ ከጣውላና ከብረት ጎን ለጎን አድርገን እንየው። ማን አንደኛ ወጣ ለማለት አይደለም፣ ለያዛችሁት ሥራ የቱን እንደምትገዙ ለመለየት ነው።

ጥንካሬው

ቀርከሃ ዛፍ አይደለም፣ ሣር ነው። ጭረቶቹ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ወደ ውጭኛው ቆዳ ሲጠጉ ደግሞ ጥቅጥቅ ይላሉ። በዚህ የተነሳ በቁመቱ ሲጎተት በጣም ኃይለኛ ነው፤ እንደ ዝርያውና እንደ ዕድሜው ከ100 እስከ 300 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ይችላል። ተራው የግንባታ ብረት መላላት የሚጀምረው 250 አካባቢ ላይ ነው። ክብደቱን ስታስገቡበት ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል፦ አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ያንኑ የሚያህል ደረቅ ቀርከሃ ከ600 እስከ 800 ቢመዝን ነው። ኪሎ በኪሎ ከሆነ ውድድሩ፣ አዎ፣ ቀርከሃ ያሸንፋል።

አሁን ወደማይነገረው እንሂድ። ጭነት ሲያርፍበት ላለመጉበጥ ያለው አቅም ሲለካ ብረት 200 ጊጋፓስካል ነው፣ ቀርከሃ ግን ከ10 እስከ 20። መጠኑና ቅርጹ እኩል በሆነ ሥራ ላይ ቀርከሃው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይጎብጣል ማለት ነው። አይሰበርም፣ ይጎብጣል። ግን የጎበጠ ጣሪያ ውሃ ያቁራል፣ የሚወዛወዝ ወለል ላይ የሚራመድ ሰውም ሳይሰበር ይፈራል። ከእንጨት ጋር ሲተያይ ግን የሚያሳፍር አይደለም፤ የጥድ ጣውላ ከ8 እስከ 12 አካባቢ ስለሆነ ቀርከሃ እኩል ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ክፍት ቱቦ መሆኑም ይጠቅመዋል፣ በትንሽ ክብደት ብዙ ይሸከማል።

ትልቁ ድክመቱ ግን መሰንጠቁ ነው። ጭረቶቹን ጎን ለጎን አጣብቆ የያዛቸው ነገር ደካማ ስለሆነ ሚስማር ሲመታበት በቁመቱ ይተረተራል። አጣና ላይ ሚስማር ሲመታ የኖረ አናጢ ጠርታችሁ ቀርከሃውን «እንደሚመችህ አያይዘው» ካላችሁት፣ ጣጣው ያኔ ይጀምራል።

መጋጠሚያው ላይ ነው ጉዳዩ

እኔን ከጠየቃችሁኝ የቀርከሃ ቤት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግንዱ አይደለም፣ የመጋጠሚያው ነው። በትክክል ሲሠራ ግንዱ በመሰርሰሪያ ይበሳና በቡሎን ይታሰራል፣ ከዳዶው ሥር ሰፋ ያለ ሮንዴላ ይገባል፣ ቀዳዳውም ከአንጓ አጠገብ ይሆናል እንጂ ጫፍ ላይ አይሆንም። ከባድ ጭነት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ባዶው ቱቦ በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ ይሞላል፣ አለበለዚያ ይጨፈለቃል። ይህን በቡሎንና በሲሚንቶ የማጋጠም ዘዴ ለትልልቅ ሕንጻ ያበቃው ኮሎምቢያዊው አርክቴክት ሲሞን ቬሌስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን ሃኖቨር ላይ ለተደረገው ኤክስፖ ትልቅ የቀርከሃ አዳራሽ ሊሠራ ሲል ጀርመኖቹ እንዲሁ አላመኑትም። መጀመሪያ ኮሎምቢያ ውስጥ ማኒሳሌስ ላይ ልኩን የሚያህል ሌላ አዳራሽ ተሠርቶ፣ ጭነት ተጭኖበት፣ ተፈትኖ ነው ሥራው የቀጠለው።

አጣና በዚህ በኩል ነገር አያበዛም። ሚስማር ይቀበላል፣ በመጋዝ ይቆረጣል፣ የማያውቀው አናጢ የለም። ብረትም በያጅ ካገኘ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ሂሳብ ስትሠሩ የግንዱን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ቀርከሃው ረክሶ ቡሎኑ፣ ማከሚያውና የባለሙያው ጉልበት ሲደመሩበት ከአጣናው በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ቀርከሃ መሥራት የሚያውቅ ሰው ካላገኛችሁ እኔ አጣና ግዙ ነው የምለው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አካባቢ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ቤቱ ቀላል ስለሆነ የሚያናውጠው ኃይል ያንሳል፣ ግንዱም ተወዛውዞ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮስታሪካ ሊሞን አካባቢ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ለመነሻው ቅርብ የነበሩ የቀርከሃ ቤቶች ቆመው ቀርተዋል። በ1999 ደግሞ የኮሎምቢያዋ አርሜኒያ ከተማ ስትመታ በቀርከሃ ተዋቅረው በደንብ የተለሰኑ ቤቶች ፌሮ ከሌላቸው የጡብ ቤቶች የተሻለ ተቋቁመዋል (ምሰሶአቸው የበሰበሰው ግን አልተረፉም፣ ይህም አይረሳ)። ዛሬ የኮሎምቢያ የግንባታ ደንብ ለቀርከሃ የራሱ ምዕራፍ አለው። ዓለም አቀፍ ደረጃም አለ፣ አይኤስኦ 22156 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በ2021 ተሻሽሏል። የቀርከሃ ቤት የሚነድፍላችሁ መሐንዲስ ይህን ቁጥር ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ውሃ፣ ነቀዝ፣ እሳት

ቀርከሃ ውስጥ ስታርች፣ ማለትም ተክሉ ለምግብ የሚያከማቸው ዱቄት፣ አለ፣ ነቀዝ ደግሞ ስታርች ይወዳል። ግንዱ ላይ ደቃቅ ቀዳዳ፣ ከሥሩ ደግሞ የረገፈ ዱቄት ካያችሁ ገብቶበታል ማለት ነው፣ አትግዙት። ሳይታከም መሬት ውስጥ የተተከለ ቀርከሃ ከ1 እስከ 3 ዓመት ቢቆይ ነው። ጣሪያ ሥር በደረቅ ቦታ ከሆነ ከ4 እስከ 7። ታክሞ፣ ከዝናብም ከመሬትም ተጠብቆ ከቆመ ግን ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ ነው «ቀርከሃ ስንት ዓመት ይቆያል» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የማይገኘው።

የተለመደው ማከሚያ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ነው። በውሃ ይበጠበጣል፣ አንጓዎቹ በረጅም ብረት ከውስጥ ይበሳሉ፣ ከዚያ ግንዱ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይዘፈዘፋል። ከላይ መቀባት ዋጋ የለውም፣ የውጭው ቆዳ ፈሳሽ አያሳልፍም። እና ሻጩ «መድኃኒት ተቀብቷል» ካላችሁ አልታከመም ብላችሁ ቁጠሩት። የተነከረ መሆኑን ለማየት ጫፉን አይታችሁ አንጓው መሃል ላይ መበሳቱን አረጋግጡ፤ ካልተበሳ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ ገና እርጥብ ሳለ በግፊት ገብቶለት እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ችግር አለ፦ ማከሚያው ውስጥ ያለው ቦሮን በውሃ ይታጠባል። ስለዚህ የታከመውም ቢሆን ዝናብ እየመታው መቆም ወይም አፈር ውስጥ መቀበር የለበትም። ከድንጋይ ወይም ከኮንክሪት መሠረት ላይ ከፍ ብሎ ይቁም፣ የጣሪያው ክፈፍም ሰፋ ብሎ ይውጣ።

አጣናንም ምስጥ ይበላዋል። ግን በግፊት መድኃኒት የገባበት እንጨት መሬት ውስጥ ብዙ ዓመት መቆየት ይችላል፣ ለአጥር ምሰሶ እሱን ወይም ብረት ግዙና በመካከሉ ያለውን በቀርከሃ ሙሉት። ብረት ይዝጋል፣ ባሕር አጠገብ ሲሆን ይብስበታል።

እሳትን በተመለከተ ቀርከሃ ጥሩ ዕቃ አይደለም። ቀጭንና ክፍት ስለሆነ ቶሎ ይያያዛል፣ ዝግ ክፍሎቹም ሲሞቁ ይፈነዳሉ። ወፍራም እንጨት ከውጭ እየከሰለ ውስጡን ለጊዜው ይጠብቃል። ብረት አይነድም፣ ግን ሙቀቱ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ለጣሪያ ወራጅና ማገር፣ ክዳኑ ቀላል ከሆነ፣ ቀርከሃ ግዙ። እዚህ ላይ ብርታቱ ሁሉ ይታያል፣ ከዝናብም የተጠበቀ ነው። ሰፊ ጣሪያም ይቻላል፤ ባሊ ደሴት ላይ ያለው ግሪን ስኩል የተባለ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስጨረሰው የስፖርት አዳራሽ ያለ መሃል ምሰሶ 19 ሜትር ይዘረጋል። እሱ ግን በስሌትና በልዩ ባለሙያ የቆመ ነው፣ ፎቶውን ለአናጢ አሳይቶ «እንዲህ ሥራልኝ» የሚባል አይደለም። ምሰሶ ሳይኖር ረጅም አግዳሚ ካስፈለጋችሁና መሐንዲስ ከሌላችሁ ብረት ይሻላችኋል።

ለመወጣጫ ቀርከሃ የተመሰከረለት ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፎቆች ሲሠሩ የኖሩት በእሱ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከሕንጻው ቅርጽ ጋር ይሄዳል። ያም ሆኖ የሆንግ ኮንግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ከአዳዲስ የመንግሥት ሕንጻ ሥራዎች ቢያንስ ግማሾቹ የብረት መወጣጫ እንዲጠቀሙ ወስኗል፣ ደህንነቱ አንዱ ምክንያት ነው። ማሰሩን የሚያውቁ ሠራተኞች ካሉ ቀርከሃ ይሠራል። ከሌሉ ብረት ተከራዩ፣ የሰው ሕይወት ነው።

በፌሮ ፋንታ ኮንክሪት ውስጥ? አትግዙ። ርካሽ ስለሚመስል በየጊዜው ይነሳል ይህ ሐሳብ። ቀርከሃው እርጥብ ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ኮንክሪቱ ሲደርቅ ደግሞ እሱም ይሟሽሻልና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ መያያዝ ይቀራል። ቶሎ የሚለጠጥ ስለሆነም እሱ ጭነቱን ሳይቀበል ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል። ሲበሰብስ ደግሞ ውስጥ ስለሆነ አታዩትም።

ለወለል የሚገዛው ክቡ ግንድ ሳይሆን የፋብሪካ ጣውላ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ቡናማው በሙቀት የጠቆረ ስለሆነ ከፈዛዛው ይለሰልሳል፣ ወንበር የሚጎተትበት ክፍል ከሆነ ፈዛዛውን ምረጡ። ሌላው ጭረቱ ተፈትቶ በሙጫ በከባድ ግፊት የታመቀ ነው፣ ይህኛው ከኦክ እንጨት በእጅጉ ይጠነክራል፣ ክብደቱም አይጣል ነው። ሁለቱም ሙጫ ስላለባቸው የፎርማልዲሃይድ ደረጃቸውን ጠይቁ፤ ኢ1 ወይም ከዚያ ያነሰ ልቀት ያለው ይሁን። ለውጭ ተብሎ ያልተሠራውን ደጅ አታንጥፉት።

ክቡን ግንድ ስትመርጡ

ሻጭና ገዢ የሚተላለፉት ዕድሜ ላይ ነው። ቀርከሃ ቁመቱንም ውፍረቱንም በጥቂት ወራት ጨርሶ ያድጋል፣ ከዚያ በኋላ አይወፍርም፣ የሚጠነክረው ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የአንድ ዓመቱና የአራት ዓመቱ በውፍረት አይለዩም። ለጋው ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ነጭ ብናኝ አለበት፣ አንጓው ላይ ሽፋኑ ያልረገፈ ሊሆን ይችላል። የደረሰው ደብዘዝ ይላል፣ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ይይዛል፣ ሲያንኳኩት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ደርቆ ቢጫ ከሆነ በቀለሙ አታውቁትም፤ ቆዳው ከተጨማደደ በለጋነቱ ተቆርጧል። በደረቅ ወቅት የተቆረጠውን ፈልጉ፣ ስታርቹ ያነሰ ነው።

ተቆርጦ የሚታየውን አፉንም እዩ። ሥጋው ወፈር ያለውን ውሰዱ። ጓዱዋና ሞሶ የሚባሉት ዝርያዎች ወፍረው ክፍት ናቸው፣ የአፍሪካ የቆላ ቀርከሃ ደግሞ ቀጠን ብሎ ድፍን ነው ማለት ይቻላል፣ ለማገርና ለአጥር ይመቻል። ከአንጓ አልፎ የሄደ ስንጥቅ ካለበት መልሱት። ከታች ወፍሮ ወደ ላይ ስለሚቀጥን ልኩን ስታዝዙ የሁለቱንም ጫፍ ተናገሩ፣ ሲቆረጥም ከአንጓው ጥቂት አለፍ ብሎ ይሁን፣ አንጓው ጫፉን ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል። ሲሠራ የሚሰነጠቅ አይጠፋምና ትርፍ ግንድ ጨምራችሁ እዘዙ። እርጥብ ከመጣላችሁ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ንፋስ እንዲያገኘው አራርቃችሁ ደርድሩትና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ በእርጥቡ ከታሰረ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ቡሎኑ ሁሉ ይላላል።