የመንገድ ዳር የአበባ ችግኝ፦ ለጠባብ ግቢ ምን ይገዛል፣ ምን ይታለፋል?

አዲስ አበባ ውስጥ በየወንዙ ዳርና በየአስፋልቱ ጠርዝ በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሮ የሚሸጠው የአበባ ችግኝ ለጠባብ ግቢ የሚያስፈልገውን ቀለም ሁሉ ይዟል። ዋጋው በድርድር ነው፣ ምርጫው ሰፊ ነው። ጉድለቱ ሻጩ ችግኙን የሚያውቀው እስኪሸጥ ድረስ መሆኑ ነው። ከተተከለ በኋላ ምን ያህል ይሰፋል፣ ጥላ ይወዳል ወይስ ፀሐይ፣ የነሐሴን ጭቃ ይችላል ወይ ብትሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምንም አይል፣ ውሃ ብቻ አጠጡት።» ከሞቱት ችግኞች ብዙዎቹን የገደለው ደግሞ ያው ውሃ ነው።

እዚህ የምንገመግመው አንድን መሸጫ ለይተን ሳይሆን እንዲህ ያሉትን ቦታዎች በጥቅሉ ነው። የምናስበው ገዢም ግቢው ሊሾ ሆኖ ከአጥሩ ሥር 6 ሜትር በ80 ሳንቲሜትር የምትሆን መሬት የተረፈችው፣ እዚያችው ላይ ዓመቱን ሙሉ የተደባለቀ ቀለም ማየት የሚፈልግ ሰው ነው። ፍርዳችን ባጭሩ፦ ለዓመታት የሚቆዩትን ከእነሱ ግዙ፤ በአንድ ወቅት አብበው የሚያልቁትን ራሳችሁ ዝሩ፤ ጽጌረዳ ላይ ተጠንቀቁ፤ የሚበላ ቅጠል ከወንዝ ዳር አትግዙ።

መሸጫው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ከረጢቱን ከፍ አድርጋችሁ ከታች እዩት። ችግኙ አንድ ቦታ ለወራት ሲቀመጥ ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ መሬቱን ይይዛል። ሻጩ ሲያነሳው የመበጠስ ድምፅ ከተሰማ ዋናው ሥር እዚያው ቀርቷል። እንዲህ ያለው ችግኝ ሦስት አራት ቀን ደህና መስሎ ይቆይና ከዚያ ይጠወልጋል። የግድ እሱኑ ከፈለጋችሁ ቅርንጫፉን አንድ ሦስተኛ ያህል ቆርጣችሁ ጥላ ሥር ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ አዲስ ቅጠል ካወጣ ትከሉት። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ገና ትናንት የተሰካው ነው። ግንዱን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ ሳብ አድርጉ። ተንሸራቶ ከመጣ ሥር አላበጀም፤ የምትገዙት ችግኝ ሳይሆን ቁራጭ ቅርንጫፍ ነው። ጌራኒየምና ጽጌረዳ ላይ ይህን ሳትፈትሹ አትክፈሉ።

አበባው ሙሉ በሙሉ የፈነዳውን ተዉት። እሱ ዋጋው ይወደዳል፣ ቤት ሲደርስ ይረግፋል፣ ጉልበቱንም ሥር ላይ ሳይሆን አበባው ላይ ጨርሷል። እንቡጥ የያዘውን ውሰዱ። ቀለሙን ለማረጋገጥ ግን ያበበ ማየት ያስፈልጋልና አንድ ያበበ አሳይተው ከዚያው የተባዛውን ይስጧችሁ። ለዳህሊያና ለጽጌረዳ «ቀይ ነው» የሚል ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቅጠሉንም ገልብጣችሁ ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ተባይ እንደሌለው እዩ። ከረጢቱ ውስጥ እንግጫ ወይም ሰርዶ ከበቀለ ሌላ ምረጡ፤ ጠባብ መደብ ውስጥ አንዴ የገባ እንግጫ ፍሬው አፈር ውስጥ ስለሚቀር በመንቀል ብቻ አይወጣም።

ከሁሉ ገንዘቡን የሚመልሰው ጌራኒየም ነው። ከየቀለሙ አንድ እናት ተክል ይበቃል። 10 ሳንቲሜትር ያህል ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አንሱና ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ላይ አሳድሩት። ከዚያ አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ሰክታችሁ አንዴ ብቻ አጠጡት። በፕላስቲክ አትሸፍኑት፤ እርጥበት ከታፈነበት ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ይበሰብሳል። በአንድ ወር አካባቢ ሥር ይይዛል። ሦስት እናት ገዝቶ የመደቡን ፊት በሙሉ መሙላት የሚቻል ሲሆን ለአሥራ አምስት ችግኝ መክፈል ትርፍ ወጪ ነው።

ዳህሊያ የመጣው ከሜክሲኮ ደጋ ነው፤ ቀን ፀሐይ ሌሊት ቅዝቃዜ ለምዷል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያምርበትም ለዚህ ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ በመካከላቸው 50 ሳንቲሜትር ስጡት። የድጋፉን እንጨት በተከላው ቀን አብራችሁ አቁሙ፤ ኋላ ሲተከል ከሥር ያለውን ድንች መሰል አካል ይወጋዋል፣ ቁስሉም ይበሰብሳል። ድጋፍ የሌለውን ደግሞ የክረምት በረዶ በአንድ ከሰዓት ይጥለዋል። አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቀንጥቡት፤ ያኔ ቅርንጫፍ ያበዛል። ለጋውን ቀንበጥ ማታ ማታ የሚበላው ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ነው፤ በባትሪ ብርሃን መልቀም ከመርጨት ይሻላል።

አጋፓንተስ ስትገዙ ወፍራሙን ከረጢት ምረጡ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሁለት ወይም ሦስት ተክል ይኖራል፤ በስለታም ቢላ ከፋፍላችሁ ትተክሉታላችሁ። ሃይድራንጃ ጠዋት ፀሐይ ከሰዓት ጥላ የሚያገኝ ማዕዘን ይፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ወይም በርሜል ከሌላችሁ ግን አትጀምሩት። ሰማያዊ ብላችሁ የገዛችሁት ሮዝ ሆኖ ቢያብብ ሻጩ አላታለላችሁም፤ ቀለሙን የሚወስነው የአፈሩ አሲዳማነት ነው። አዲስ ከተገነባ አጥር ሥር ያለ አፈር ከሲሚንቶው ኖራ ስለሚበዛበት አበባውን ወደ ሮዝ ይወስደዋል። አሮጌውን ቅርንጫፍ ከቆረጣችሁ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ቆረጣችሁ ማለት ነው።

ቡጋንቪሊያ ሥሩ ሲነካካ ይቀየማል። ከረጢቱን በምላጭ ሰንጥቃችሁ አፈሩ ሳይፈርስ አስገቡት። ከያዘ በኋላ ውሃ ቀንሱበት፤ ፍግም አታብዙበት። የጠገበ ቡጋንቪሊያ ቅጠል እንጂ ቀለም አይሰጥም። 80 ሳንቲሜትር ስፋት ባላት መደብ አንድ ብቻ፣ ፀሐይ በሚመታው ጫፍ ላይ ይበቃል። ሁለት ከተከላችሁ በሦስተኛው ዓመት ግቢው የእሱ ነው።

ጽጌረዳ ጋ ስንደርስ ውጤቱ ይወርዳል። አንዳንዱ የሚሸጠው በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ፣ አንዳንዱ ደግሞ በቀጥታ ከቅርንጫፍ የበቀለ ነው፤ ሻጩ ሁለቱን ለይቶ አይናገርም። ከግንዱ ሥር እብጠት ካያችሁ የተዳቀለ ነው፤ ስትተክሉት እብጠቱ ከአፈር በላይ ይቅር፣ ከእብጠቱ በታች የሚወጣውን ቀንበጥም ከሥሩ ንቀሉት። ካልነቀላችሁት የገዛችሁትን ቀይ የዱር ግንዱ ይውጠዋል። «የእርሻ ጽጌረዳ» ተብሎ ከፍ ባለ ዋጋ የሚቀርበውን ባንመክረው እንመርጣለን። በሆለታና በባቱ እርሻዎች የሚመረተው ዝርያ በግሪንሃውስ ውስጥ፣ በተከታታይ መድኃኒት እየተረጨ፣ ረጅም አገዳ ላይ አንድ አበባ እንዲያወጣ የተመረጠ ነው። ሽታው ትንሽ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲወጣ ክረምት ላይ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ይረግፋል፣ በጋ ላይ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ለግቢ የሚሻለው ቁጥቋጦ ሆኖ በዘለላ የሚያብበው ነው። በተከላዎች መካከል 60 ሳንቲሜትር ተዉ፤ ውሃውን ከሥሩ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ፤ የረገፈውን የታመመ ቅጠል ለቅማችሁ ከግቢ አውጡት።

መሸጫዎቹ እምብዛም የማያቀርቡት ግን ሊያቀርቡት የሚገባ አንድ ተክል አለ፦ ቀጋ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ነጭ አበባው መልካም ሽታ አለው፣ ቀዩ ፍሬው ይበላል፣ እሾሁም አጥር ይሆናል። ለአገሩ አየር እንግዳ አይደለምና እንደ እርሻው ዝርያ መድኃኒት አያስለምድም። ቦታ ስለሚፈልግ ከአጥሩ ጋር አስደግፋችሁ በየዓመቱ ከርክሙት። አገር በቀሎች ካደጉ በኋላ ምን ያህል እንደሚሰፉ ከመግዛት በፊት ማየት የሚፈልግ ሰው በእንጦጦ ግርጌ ያለውን የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ቢጎበኝ ጥሩ ነው።

በአንድ ወቅት የሚያልቁትን፣ ማለትም ማሪጎልድ፣ ኮስሞስና ዚኒያን፣ በችግኝ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ዘራቸው ትልቅ ነው፣ 1 ሳንቲሜትር ያህል አፈር አልብሶ በቀጥታ መደቡ ላይ መዝራት ይቻላል። ኮስሞስ ፍግ ባልነካው አፈር ይሻለዋል፤ ከጠገበ ቁመቱ ረዝሞ ይወድቃል። ፔቱኒያ ግን ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ ችግኙ ቢገዛ ይሻላል። ዝናብ አበባውን ስለሚያበላሸው ቦታው በረንዳ ላይ ነው። አደይ አበባን ከመሸጫ አትጠብቁ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከደረቀው አናት ዘሩን ሰብስባችሁ በወረቀት አስቀምጡና ሰኔ ላይ በትኑት። አበባው ካለፈ በኋላ ዘሩ እስኪረግፍ ካልነቀላችሁት በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይመጣል።

ጤና አዳም፣ አሪቲና በሶብላ በአበቦቹ መካከል ሲገቡ መደቡን ይሞሉታል፤ የጤና አዳም ሰማያዊ ግራጫ ቅጠል በተለይ ከብርቱካናማ ማሪጎልድ አጠገብ ያምራል። ከወንዝ ዳር መሸጫ ግን አትግዟቸው። የከተማዋ ወንዞች የቤትና የፋብሪካ ቆሻሻ ይዘው ይወርዳሉ፣ እዚያ ያለው ችግኝም የሚጠጣው ያንኑ ነው። ለቡናና ለወጥ የሚሆነውን ከጎረቤት ቅርንጫፍ ለምናችሁ አብቅሉ። ጤና አዳምን ስትከረክሙ እጃችሁን ሸፍኑ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላል።

ከችግኙ ጎን የሚሸጠው አፈር የመሸጫዎቹ ደካማ ጎን ነው። ያቺን መደብ በ30 ሳንቲሜትር ከፍታ ለመሙላት አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ገደማ አፈር ያስፈልጋል፤ በማዳበሪያ ከረጢት ሲለካ 30 ገደማ ነው። «የጫካ አፈር» የሚባለው አንዳንዴ ከግንባታ ጉድጓድ የወጣ ዋልካ ነው። ጨብጡና በውሃ አርሳችሁ በመዳፍ አድቦልቡሉት፤ ሳይሰበር እንደ ክር ከረዘመ ሸክላ የበዛበት ነውና መልሱ፣ ከተፈረፈረ ግዙ። ፍጉም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ አልበሰለም፣ ሥር ያቃጥላል፤ ሸፍናችሁ ሁለት ሦስት ወር አቆዩት። ድብልቁ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ 1 እጅ ሸካራ አሸዋ ነው። ሊሾው ላይ ውሃ እንዳይታቆር መደቡን በከበባችሁበት ድንጋይ መካከል በየሜትሩ ቀዳዳ ተዉ። ከአጥሩም አንድ ስንዝር ያህል ራቁ፤ አለበለዚያ ግድግዳው እርጥበት ይጠጣል። በጋ ላይ ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሲነሳ የተክሎቹ ሥር ላይ አልብሱት፤ ውሃ ይቆጥባል። የቡና አተላ ግን በስሱ ነው፤ ከወፈረ ደርቆ ውሃ አያሳልፍም።

ሻጭ በማንኛውም ወር «አሁን ነው ጊዜው» ይላል። ቁጥቋጦውን ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ። ዋልካ ላይ ለሚገኝ ግቢ ስስ ሥር ያላቸውን ነገሮች ሐምሌና ነሐሴ ላይ አታስገቡ፣ ይሰምጣሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ ለጋ ቡጋንቪሊያንና ዳህሊያን ይመታል።

ሁለት ነገር ሻጩ ሳይጠየቅ አይናገርም። ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ ግንዱ መርዝ ነው፤ ሕፃን ባለበት ወይም ለበዓል በግ በሚታሰርበት ግቢ ቦታ የለውም። የወፍ ቆሎ (ላንታና) ቀለሙ ያታልላል እንጂ በአገሪቱ ምሥራቅ የግጦሽ መሬት የወረረ አረም ነው፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

«መጥተን እንተክላለን» የሚለው አገልግሎት ለከባድ ችግኝ ይጠቅማል፤ ለተቀረው ግን ውጤቱ ያልተስተካከለ ነው። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱን በከረጢቱ ልክ ብቻ ይቆፍራሉ፣ ሲቸኩሉም ፕላስቲኩን ሳያወልቁ አፈር ይመልሱበታል። ከመጀመራቸው በፊት ጉድጓዱ የከረጢቱ እጥፍ ስፋት እንዲኖረው ተስማሙ፣ ባዶ ፕላስቲኮቹን በቁጥር ተረከቡ፣ ክፍያውንም ግማሹን አስቀሩና ሦስት ሳምንት ቆይቶ በቆመው ችግኝ ልክ ክፈሉ። ይህን ውል የማይቀበል ሻጭ ችግኙን ብቻ ሸጦላችሁ ቢሄድ ይሻላል።