በሁለት እግሩ የቆመ ፈረስ፦ ሀዋሳ የሚሠራው የእምነበረድ ሞዴል

አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው፣ በ1923 ዓ.ም. በንግሥ ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ነሐስ ነው። ነሐስ ቀልጦ ውስጡ ባዶ ሆኖ ስለሚሠራና ቶሎ ስለማይሰነጠቅ ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ብቻ ቢቆም ይችለዋል። እምነበረድ ሸክም እንጂ መለጠጥ አይችልም። ስለዚህ ሀዋሳ ውስጥ የወጥ ቤት ባንኮኒና የመቃብር ድንጋይ ከሚቆርጡት ቤቶች አንዱ ይህንኑ ሐውልት በ45 ሴንቲ ሜትር ቁመት በነጭ እምነበረድ ሲያቀርብ፣ ቀድሞ መታየት ያለበት የንጉሡ ፊት ሳይሆን የፈረሱ ሆድ ሥር ነው።

እዚያ ላይ ሠሪው አውቆበታል። ከሆዱ ሥር እስከ ኋላ ቋንጃው ድረስ ድንጋዩን በዓለት መልክ ትቶታል። ጣሊያናዊው ቀራጭ በርኒኒም የፈረንሳዩን ሉዊ 14ኛ በእምነበረድ ፈረስ ላይ ሲያስቀምጥ ሆዱን በዓለት ነው ያስደገፈው። ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የታላቁ ጴጥሮስ ፈረስ ግን ነሐስ ስለሆነ፣ እባብ ላይ ያረፈ ጭራ በቂ ሆኖለታል። «ዓለቱ ውበቱን ያበላሻል፣ ይነሣልኝ» የሚል ደንበኛ ስብርባሪ እያዘዘ ነው።

ድንጋዩ ሲጀመር 45 በ30 በ18 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 66 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲያልቅ ሩቡ ያህል ይቀራል። ዛቡን ከአንገቱ ጋር አጣብቆ መቅረጹ ትክክል ነው፤ ተንጠልጣይ ዛብ በዚህ መጠን አይቆምም። ጋማውና ኮርቻው ጥሩ ናቸው። ቀኝ ሽንጡ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ከአንድ ወገን ፎቶ ብቻ ሲሠራ እንዲህ ይሆናል። በሸክላ ሞዴል ተሠርቶ፣ ወደ ጀሶ ተገልብጦ፣ ነጥቦቹ በኮምፓስ ቢለኩ ኖሮ አይስትም ነበር።

ትልቁ ጉድለት የፊት እግሮቹ ላይ ነው። ጉልበቱ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለ ቀጭን እግር ከደረቱ ጋር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ እስከ መጨረሻው ይተውለታል፤ የሚነሣውም በሞረድ ቀስ ተብሎ ነው። እዚህ በግራይንደር ተቆርጧል፣ ንዝረቱም ቀኝ ጉልበቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ትቷል። ለማየት ድንጋዩን በውኃ አርሶ መጠበቅ ይበቃል፦ ሌላው ሲደርቅ ስንጥቁ ጠቁሮ ይቆያል። ጭራው ደግሞ ለብቻው ተቀርጾ በማስቲሽ (በድንጋይ ማጣበቂያ) ተለጥፏል፤ ፖሊስተር ማስቲሽ ፀሐይ ሲያገኘው ይቢጫል። ኢፖክሲም ፀሐይ ላይ ይቢጫል፣ ግን አጥብቆ ስለሚይዝ እሱ ይጠየቅ።

መቆሚያው ግራጫ እምነበረድ ሲሆን የተያያዘው በተራ ፌሮ ነው። ይህ መቀየር አለበት። ብረቱ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቃል፤ ነጩም ላይ ቡናማ እድፍ ያወጣል። 10 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ዋጋውን ብዙ አይጨምርም።

ማለስለሻው ከልክ አልፏል። በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120፣ 220፣ 400 በውኃ እየታሸ ቢቆም የጡንቻው ጥላ ይታይ ነበር፤ እስከ መስታወትነት ሲወለወል ፈረሱ ሳሙና ይመስላል። ዓለቱ እንደውም የመሮ ፈለግ ላዩ ላይ ቢተውለት ይሻላል።

ሲነሣ ከመቆሚያው ሥር በሁለት እጅ ነው፣ በፈረሰኛው ደረት ወይም በፈረሱ አንገት አይያዝም። ለጉዞ ቆሞ ይታሸግ፤ የፊት እግሮቹ ሥር ስፖንጅ ይግባ። ሲቆሽሽ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል፤ ሎሚ፣ አቼቶና ኮካ ገጹን ይበሉታል።