ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለው የቅዳሜ የቼዝ ትምህርት

ቅዳሜ ከሰዓት ቼዝ የሚያስተምር ልጅ ጋ ሁለት ወር ተማርኩ፣ ወላሂ ብሬ አልባከነም። እኔ ድሮ ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም የሚያሳየኝን ቁጥር ብቻ ነበር የማየው፣ ፕላስ 0.5 ሲለኝ (ነጭ በትንሹ ይሻላል ማለት ነው) ደስ ይለኛል፣ ቀጥሎ ምን ታረጋለህ ስባል ግን ባዶ ነኝ። እሱ ስልካችሁን አስቀምጡ ይልና የማን ንጉሥ ነው የተጋለጠው፣ የትኛው ፈረስ ስራ ፈቷል፣ ደካማው ወታደር የቱ ነው እያለ ይጠይቃል፣ ፕላኑ ከዛ ነው የሚወጣው።

አንድ ቀን ነጭ ዲ4 የምትባለው የቦርዱ ሳጥን ላይ ብቻውን የቀረ ወታደር ያለበትን ቦርድ ደረደረልንና እኔ በጥቁር ልበላው ስጣደፍ "አብሽር፣ አትቸኩል፣ መጀመሪያ እሰረው" አለኝ፣ ከዛ ፈረሱን እንዳያልፍ ከወታደሩ ፊት ዲ5 ላይ ተክሎ ሌላ ሌላውን ፈረስና ቢሾፕ እየተቀያየረ ሲሄድ የነጭ አታክ አይኔ እያየ ከሰመ፣ ወታደሩ ለነጭ ሸክም ሆኖ ቀረ። በነጭ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ መቀያየሩን ትቶ ፈረስ ኢ5 ላይ አስቀምጦ ንጉሡ ላይ መዝመት።

ቅር ያለኝ ለ12 ሰው 3 ቦርድ ብቻ መኖሩ ነው፣ ተራ እስኪደርስ ቡናው በረካ ላይ ይደርሳል፣ ይሄን ቢያስተካክል በጣም ደስ ይለኛል። የኮምቦልቻ ልጆች፣ ታክሲ ይዛችሁ ብትመጡም አያስቆጫችሁም።