ካፌ ሽፔርል፣ ቪየና፦ ትንሽ ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ

ባለፈው ግንቦት ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር ከሮም ተነሥተን፣ በፍሎረንስና በቬኒስ አድርገን፣ እስከ ቪየና ድረስ በባቡር ተጓዝን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከበላንባቸው ቤቶች ሁሉ ልጃችን እስካሁን እያነሣች የምትጠይቀን ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በቪየና ስድስተኛ ወረዳ፣ በጉምፐንዶርፈር ጎዳና ማዕዘን ላይ የሚገኘው ካፌ ሽፔርል ነው።

ልጅ ይዞ አውሮፓን ለሚዞር ሰው ትልቁ ፈተና የምግብ ሰዓት ነው። በጣሊያን ብዙ ምግብ ቤቶች ከምሳ በኋላ ወጥ ቤታቸውን ይዘጋሉ፤ እንደገና የሚከፍቱትም ከምሽቱ 1 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። ልጃችን ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ ረሃብ አትችልም። አንድ ቀን ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ጠረጴዛው ተነጥፎ መብራቱም በርቶ እያየነው፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ ስንገባ እሷ በአባቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር ያዘዝንላት ፓስታ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ ቤት ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ወጥ ቤቱ የሚሠራበትን ሰዓት ሆነ።

ከቬኒስ ወደ ቪየና በቀን ባቡር ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በኦስትሪያ ባቡርም ሆነ በቪየና የከተማ ትራንስፖርት ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይከፍልም፤ ይህ ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሐውስ ዴስ ሜረስ ወደሚባለው የዓሣዎች ማሳያ ሄድን። ሕንፃው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፀረ አውሮፕላን መድፍ የተሠራ ግዙፍ የኮንክሪት ማማ ሲሆን፣ ልጃችን ከሻርኮቹ ፊት አልላቀቅ ብላ ምሳ ሰዓት አለፈን። ከዚያ እስከ ካፌ ሽፔርል በእግር ሩቅ አይደለም። የደረስነው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ትኩስ ምግብ ማዘዝ መቻላችን ብቻውን ደስታችንን እጥፍ አደረገው።

ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ፣ ወለሉ በእንጨት የተነጠፈ ሲሆን፣ ጠረጴዛዎቹ ባለ እብነ በረድ ናቸው። በአንድ በኩል የቢሊያርድ ጠረጴዛዎች አሉ፤ ጋዜጦችም ማንም አንሥቶ እንዲያነብ ተዘርግተው ይጠብቃሉ። የልጃችንን ጋሪ አጥፈን ከኮት መስቀያው አጠገብ አቆምንና ከመስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ የመንገዱን መኪና መቁጠር ጀመረች፤ ለአራት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የቪየና አስተናጋጅ ኮስታራ ነው ይባላል። የእኛም ፈገግታ የሚያበዛ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን ግን በክብር ይሠራል። በቪየና ቡና የሚቀርበው በትንሽ የብረት ትሪ ላይ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ሲሆን፣ ማንኪያው በብርጭቆው አፍ ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል። የእኔና የባለቤቴ ቡና በዚህ ዓይነት ሲመጣ ልጃችን የእሷን ትሪ በዓይኗ ስትፈልግ አስተናጋጁ አየ። አንዲት ቃል ሳይናገር ተመልሶ፣ ትንሽ ትሪ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና ከላይ የተደፋ ማንኪያ አምጥቶ ልክ እንደኛው አድርጎ ፊቷ አስቀመጠላት። እሷም ማንኪያውን እያነሣች፣ ውሃውን ፉት እያለች፣ መልሳ እየደፋች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም አለች። በጉዟችን ሁሉ ልጄን እንደ እንግዳ የቆጠራት ሰው እሱ ነው፤ ውለታውን አልረሳውም።

ምግቡን በተመለከተ፣ ለልጅ የምመክረው ካይዘርሽማርን ነው። ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዱቄት የሚዘጋጅ ወፍራም ቂጣ መጥበሻው ላይ እንዳለ ይቆራረስና፣ የስኳር ዱቄት ተነስንሶበት ከተቀቀለ ፕሪም ጋር ይቀርባል። ስሙ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያነሣ በመሆኑ ለልጃችን እንዲሁ ብንነግራት፣ ሳህኑን ዐየት አድርጋ «የንጉሥ ፍርፍር!» አለች። ዳሩ ጠንከር ብሎ ውስጡ እንደ ጥጥ ለስልሶ ስለነበር፣ በማንኪያ ሳይሆን በእጇ እያነሣች ፕሪሙ ውስጥ እየነከረች በላችው። ዘቢብ ጨምረው፣ እሱንም ሩም በሚባለው የአልኮል መጠጥ የሚነክሩ ቤቶች ስላሉ ለልጅ ሲያዝዙ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለቤቴ ከሰናፍጭና ከዳቦ ጋር የሚመጣውን ጥንድ ቋሊማ በላ፤ ጥሩ ነው ከማለት ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የእኔ ቡና ሜላንዥ የሚባለው፣ ወተቱና አረፋው የበዛው ነበር። በጀበና ቡና ላደገ አፍ ይህ ለስለስ ይላል፤ ቡናው እንዲሰማው የሚፈልግ ሰው ጥቁሩን፣ ሽቫርፀር የሚባለውን ይዘዝ። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕ ቀን ሆኖ ሳለ የፈለግነውን አዘዝን። በጾም ወራት የሚመጣ ሰው ግን የአፕል ሽትሩድል የሚባለውን፣ ፖም በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረውን ጣፋጭ እንኳ በቅቤ የሚሠሩት ብዙዎች ስለሆኑ ሳይጠይቅ አይመን።

የቪየና ካፌ ባህል እ.ኤ.አ. በ2011 በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የዚህ ባህል ዋናው ነገር አንድ ስኒ ቡና ያዘዘ ሰው እስከፈለገው ድረስ መቀመጥ መቻሉ ነው። ሂሳብ ካልጠየቁ በስተቀር አይመጣም፤ የውሃው ብርጭቆ ግን ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ ነገር ግን ልጃችን ጠግባ ጭኔ ላይ ተኝታ፣ እኛ ሁለታችን ከሮም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወሬ ጀምረን እስከ መጨረሻው ያወራነው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ የከፈልነው አልቆጨንም። ስትከፍሉ ከሂሳቡ ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጉርሻ ጨምራችሁ ጠቅላላውን ለአስተናጋጁ በቃል መንገር የአገሩ ልማድ ነው።

ከቪየና ከመነሣታችን በፊት በነበረው ቀን ተመልሰን ሄድን። የመስኮቱ ቦታ ተይዞ ስለነበር ከአጠገቡ ተቀመጥን። ልጃችን ኮቷን ሳታወልቅ ለአስተናጋጁ በአማርኛ የንጉሡን ፍርፍር አዘዘችው፤ እሱም ባለቤቴ እስኪተረጉምለት ድረስ ጎንበስ ብሎ በጥሞና አዳመጣት።