ጋሪ ኩፐር ከነባርኔጣው፦ የድሮ የአሜሪካ ፊልም በፍላሽ ስለማስጫን

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ፊልም የሚጭኑ ቤቶች የድሮ የአሜሪካ ፊልም ጠይቆ ባዶ እጁን የሚመለስ ጥቂት ነው። በተለይ ካውቦይ ሞልቷል፤ ጆን ዌይን የሌለበት ሃርድ ዲስክ ማግኘት ይከብዳል። የዘፈንና የጭፈራ ፊልሞች እንዲሁም የ1930ዎቹ ኮሜዲዎች ግን ሳሳ ይላሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መስተንግዶው ጥሩ ነው፣ ሥራውም ፈጣን። ቅሬታችን ቅጂው ላይ ነው። ሒሳቡ በፊልም ብዛት ስለሚታሰብ የተበላሸውም ደህናውም እኩል ይከፈልበታል፤ መምረጡ የደንበኛው ፋንታ ነው።

መጀመሪያ የምስሉን ቅርጽ ማየት ነው። በ1953 ሲኒማስኮፕ እስኪመጣ ድረስ የሆሊዉድ ፊልም ወርዱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ነበር፤ የዛሬ ቲቪ 1.78 ነው። ስለዚህ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ከታየ ቅጂው ትክክለኛ ነው። ጥቁሩን ለመሙላት የተለጠጠ ከሆነ ፊት 30 በመቶ ይሰፋል። ኢንግሪድ በርግማንን እንዲህ አድርጎ ማሳየት ግፍ ነው፤ ደግነቱ በሪሞት የምስሉን መጠን ወደ 4፡3 ቢቀይሩት ይስተካከላል። መላ የሌለው ከላይና ከታች ተቆርጦ የሞላው ነው፤ ከቁመቱ 23 በመቶ ያህል ስለሚጠፋ ጋሪ ኩፐር ያለ ባርኔጣ ይቀራል።

ቀጥሎ ርዝመቱ። ኩፐር ኦስካር ያገኘበት የ1952ቱ «ሃይ ኑን» 85 ደቂቃ ነው። ታሪኩ የሚፈጀው ጊዜና ፊልሙ የሚፈጀው ጊዜ ተቀራራቢ ስለሆነ ግድግዳ ላይ ያሉት ሰዓቶች እየደጋገሙ ይታያሉ፤ ጭንቀቱ ያለው እዚያ ነው። ፋይሉ 81 ደቂቃ ተኩል ገደማ ካሳየ አልተቆረጠም፤ በሰከንድ 24 ምስል የነበረው ለአውሮፓ ቲቪ ወደ 25 ተፋጥኖ ነው። ፍጥነቱ ለዓይን አይታወቅም፣ የአክተሩ ድምፅ ግን ይቀጥናል። ከዚያም ካነሰ ተቆርጧል፤ ሌላ ቅጂ ይጠየቅ።

ቀለም የተቀባ ጥቁርና ነጭ ፊልም «ኤችዲ ነው» ተብሎ ቢሰጥም አለመቀበል ነው። «ካዛብላንካ» በ1942 ሲሠራ መብራቱ የተተከለው ለጥላና ለግራጫ ነው፤ በ1988 የተቀባው ቀለም የቦጋርትን ፊት ሸክላ ያስመስለዋል።

በተዋናይ ስም ማስፈለግም ያሳስታል። «የሄፕበርን» ብቻ ከተባለ ሁለቱ ተቀላቅለው ይጫናሉ፦ አራት ኦስካር የወሰደችው ካትሪንና በ1988 በዩኒሴፍ በኩል መቀሌ ድረስ የመጣችው ኦድሪ። ዘመድ እንኳ አይደሉም። ሙሉ ስምና ዓመት ጽፎ መሄድ ይሻላል።

ረጃጅሞቹ ሌላ ጣጣ አላቸው። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው መጽሐፍ፣ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»፣ በ1939 ፊልም ሲሆን ወደ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የፍላሹ ፎርማት (ፋይል የሚያስቀምጥበት አሠራር) ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያኔ ጫኚው ሳይናገር ወደ 700 ሜጋ የተጨመቀውን ይሰጣል፤ የአትላንታ ቃጠሎ በዚያ ቅጂ ሲታይ ባለ አራት ማዕዘን ብርቱካናማ ነጠብጣብ ነው። ፍላሹን አስቀድሞ ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ይበጃል፤ ግን የቆዩ ቲቪዎች እነዚህን ላያነቡ ስለሚችሉ ባዶውን ቤት ሰክቶ መሞከር ያስፈልጋል። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋም አይዘንጋ።

ምስል እያለ ድምፅ ከሌለ ብዙ ጊዜ ድምፁ ቲቪው በማያነበው ዲቲኤስ በተባለ የድምፅ ፎርማት ስለተቀዳ ነው፤ በኤሲ3 ወይም በኤኤሲ የተቀዳውን ማስቀየር ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አልወጣ ካለ ደግሞ የጽሑፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ መሆኑ ይታይ።

ሒሳብ ከመክፈል በፊት እዚያው ኮምፒውተር ላይ መሃሉንና የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ ማስከፈት ተገቢ ነው። ፍላሹ በደንብ ሳይዘጋ ከተነቀለ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የተጫነው ፊልም ነው።