ቱሉ ዲምቱ ላለችው የሰርቨር ባለሙያ ምስጋና

ሰላም የኮዬ ፈጬ፣ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ሰዎች። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የምታስተዳድሩ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ ያላትን የኔትወርክ ባለሙያ ላመሰግናትና ልጠቁማችሁ ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለችኝ አልጽፍም። ስልኳን የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርገኝ።

የምሠራበት ኮሌጅ የተማሪና የሠራተኛ ዝርዝር ያለው ኦፕንኤልዳፕ በሚባል የማውጫ ሰርቨር ላይ ነው። የሬጅስትራሩ ሲስተም ስም የሚያመጣው ከዚያ ነው። ሰርቨሩ ወደ አዲስ ማሽን ከተዛወረ በኋላ ዝርዝሩ ባዶ ሆነ። ስህተት የሚል ጽሁፍ የለም፤ መስመሩም አልተቋረጠም። ዝም ብሎ ባዶ። ምዝገባ ደርሶ ተማሪ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፏል። ከመሀል ከተማ ካስመጣናቸው ባለሙያዎች አንዱ ዳታው ጠፍቷል አለን። ሌላው ሁሉም ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን አለ። የመንገድ ሒሳቡን ተዉት።

እሷ መጥታ ምንም አልነካችም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰርቨሩ ማን ብሎ እንደሚያውቀን እንጠይቀው» አለችኝ። የትዕዛዝ መስኮቱን ከፈተች። ሲስተሙ ላይ የተሞላውን የሰርቨር አድራሻና የመግቢያ መረጃ እንዳለ ወስዳ «ኤልዳፕ ሁ አም አይ» የሚባለውን ትዕዛዝ ሰጠች። የዚህ ትዕዛዝ ሥራ አንድ ነው። ሰርቨሩን «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም በማን ስም እንደተቀበለህ ይነግርሃል። ጥያቄው በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 4532 በሚባል የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ የተደነገገ ሲሆን መሣሪያው ከኦፕንኤልዳፕ ጋር አብሮ ይመጣል።

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች፦ «አኖኒመስ»። ሲስተማችን ያለ ስም ነበር የሚገባው! ሰርቨሩ ሲዛወር የአካውንቱ ስምና የይለፍ ቃሉ ከማስተካከያ ፋይሉ ላይ ቀርተዋል። የኛ ሰርቨር ደግሞ ስሙን ያልተናገረውን ያስገባዋል እንጂ የሰው መዝገብ አያሳየውም፤ ዘበኛ እንግዳውን ግቢ አስገብቶ ቢሮዎቹን እንደሚቆልፍበት። ዳታው አንድም አልጠፋም።

ሌላ ሰው ቢሆን የአስተዳዳሪውን አካውንት ለጥፎ ይሄድ ነበር። እሷ እምቢ አለች። ማንበብ ብቻ የሚችል አካውንት ለሲስተሙ ለብቻው ከፈተች፤ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። አሁን መልሱ በ«ዲኤን» ጀምሮ የአዲሱን አካውንት ሙሉ አድራሻ ይዞ መጣ። ሬጅስትራር ክፍል «መጣ! መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። የኮምፒውተር ላቡን ልጆች ሰብስባ አሳየቻቸው። ሆን ብላ የተሳሳተ የይለፍ ቃል አስገባች፤ ስህተት 49፣ ማለትም «የመግቢያ መረጃው ልክ አይደለም» የሚለው መጣ። የሌለ ስም አስገባች፤ አሁንም 49። ሰርቨሩ የትኛው እንደተሳሳተ አይናገርም፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ሌባ እየሞከረ የሰው ስም ይለቅም ነበር። የይለፍ ቃል ትዕዛዙ ውስጥ እንዳይጻፍ አስጠነቀቀች፤ የትዕዛዝ ታሪክ ውስጥ ይቀራልና። ትዕዛዙ ላይ ትልቁን ደብሊው (-W) ጨምራችሁ የይለፍ ቃሉን እንዲጠይቃችሁ አድርጉ አለች። በ389 በር (ፖርት) ያለ ምስጠራ ከገባችሁ የይለፍ ቃሉ በግልጽ ስለሚጓዝ ትዕዛዙ ላይ ሁለት ትልቅ ዜድ (-ZZ) ጨምሩ፤ ምስጠራው ካልተሳካ ትዕዛዙ ይቆማል። ይህን ሁሉ በእጇ ጽፋ ሰርቨሩ ያለበት ካቢኔት ላይ ለጠፈችልን። እውቀቱን ደብቃ ነገ ዳግም ልታስጠራን ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

ሒሳቧ ተመጣጣኝ ነው፤ ደረሰኝም ትሰጣለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ።

ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስለምትወጣ ሱቋ የምትገኘው ከሰዓት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉላት።