«አፓቺ አልነሣ አለ»፦ ዛምፕ ለጀማሪ ምን ያህል ይመቻል?

ድረ ገጽ መሥራት መማር የጀመረ ሰው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰርቨር እንዲያስነሣ ሲነገረው በአብዛኛው የሚጠቆምለት ፕሮግራም ዛምፕ ነው። አፓቺ ፍሬንድስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ይህ ነፃ ጥቅል አፓቺን (ገጾችን የሚያቀርበውን ሰርቨር)፣ ማሪያዲቢን (መረጃ የሚያስቀምጠውን ዳታቤዝ)፣ እንዲሁም ፒኤችፒና ፐርል የተባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች አንድ ላይ ስለሚጭን፣ ጀማሪው እያንዳንዱን ለየብቻ ጭኖ እርስ በርሳቸው ለማገናኘት ከሚያየው ድካም ይድናል። አንድ ጊዜ ከወረደ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የሞባይል ዳታ እየገዛ ለሚማር ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጀማሪዎችን በዚሁ ፕሮግራም ሳለማምድ እንዳየሁት ግን ተማሪውን የሚያስቸግረው መጫኑ ሳይሆን፣ አልሠራም ሲል ምክንያቱን ማወቁ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን የምመዝነው በዚህ በኩል ነው።

በዊንዶውስ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው አፓቺ አለመነሣቱ ነው። አፓቺ ጥያቄ የሚቀበለው በፖርት (ግንኙነት በሚገባበት ባለቁጥር በር) 80፣ ለተመሰጠረ ግንኙነት ደግሞ በ443 ስለሆነ፣ ሌላ ፕሮግራም ከነዚህ አንዱን ቀድሞ ከያዘው መነሣት አይችልም። አፓቺንና ዳታቤዙን የሚያስነሣውና የሚያቆመው የዛምፕ መስኮት፣ ኮንትሮል ፓነል፣ ይህን ራሱ መርምሮ ፖርቱን የያዘውን ፕሮግራም መለያ ቁጥር ይጽፋል፤ «ኔትስታት» የተባለው ቁልፍም የተያዙትን ፖርቶች ከነባለቤቶቻቸው ይዘረዝራል። ይህ ከልብ የሚመሰገን ሥራ ነው። ቁጥሩ 4 ሆኖ ሲገኝ ግን ጀማሪው ግራ ይጋባል፤ ቁጥር 4 የዊንዶውስ ሲስተም ራሱ ስለሆነ ተፈልጎ የሚዘጋ ፕሮግራም አያገኝም። ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ያለው አይአይኤስ የተባለው የዊንዶውስ ሰርቨር በመሆኑ፣ እሱን ከሰርቪሶች ዝርዝር ውስጥ ማቆም ወይም በአፓቺ ዋና የማስተካከያ ፋይል ላይ «ሊስን 80» የሚለውን መስመር ወደ 8080 መለወጥ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ድክመት አለ፦ ፓነሉ ለብቻው የራሱ የፖርት ማስተካከያ ስላለው፣ እዚያም ካልተለወጠ አፓቺ በ8080 እየሠራ ሳለ ፓነሉ አሁንም 80ን እየፈተሸ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ «አድሚን» የሚለው ቁልፍም የተሳሳተ አድራሻ ይከፍታል።

ዳታቤዙ ሲወድቅ ግን ነገሩ ይከብዳል። ፓነሉ የሚያወጣው መልእክት ማይኤስኪውኤል ሳይታሰብ መቆሙን ከገለጸ በኋላ ምክንያቱ የተዘጋ ፖርት፣ የጎደለ ፋይል፣ የፈቃድ ችግር፣ ብልሽት ወይም በሌላ መንገድ መዘጋት ሊሆን እንደሚችል ይደረድራል፤ ይህን ሁሉ ያነበበ ጀማሪ አንዱንም ለይቶ አያውቅም። (ፓነሉ ማይኤስኪውኤል ቢለውም በውስጡ ያለው ማሪያዲቢ መሆኑ ደግሞ ሌላ መደናገር ነው።) ትክክለኛው መልስ ያለው ከጎኑ ባለው «ሎግስ» በሚለው ቁልፍ ውስጥ ነው፤ በሚከፈተው ፋይል ግርጌ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች የዳታቤዙ ፖርት 3306 መያዙን ወይም ፋይል መበላሸቱን በግልጽ ይናገራሉ። ፓነሉ እነዚያን መስመሮች አውጥቶ ቢያሳይ ኖሮ ብዙ ሰው ከጥፋት ይድን ነበር።

ጥፋት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳታቤዙ እየጻፈ ሳለ መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ፤ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ የተለመደ አደጋ ነው። እኔም አንድ ምሽት ይህ ደርሶብኝ፣ በችኮላ «አይቢዳታ1» የተባለውን ፋይል አጥፍቼ የሦስት ሳምንት ሥራ አጥቻለሁ፤ የሰንጠረዦቹ ስም በዝርዝሩ ይታያል፣ ሲከፈቱ ግን የሉም ይላል፤ ያ ፋይል የሰንጠረዦቹ ዋና መዝገብ ስለሆነ። ስለዚህ ከምንም በፊት የማይኤስኪውኤልን «ዳታ» ፎልደር በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይገባል። ከዚያም ዛምፕ ራሱ ካስቀመጠው «ባክአፕ» ፎልደር አዲስ «ዳታ» ሠርቶ፣ የራስን የዳታቤዝ ፎልደሮች ከ«አይቢዳታ1» ጋር ወደዚያ መመለስ ብዙ ጊዜ ያድናል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ8 በተባለው የዓለምን ፊደላት በሚያስቀምጥ አቀማመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ሰንጠረዡ የግእዝን ፊደል በማያውቀው ላቲን1 በሚባለው አቀማመጥ ከተፈጠረ «ሰላም» ብሎ ያስገባ ሰው ሦስት የጥያቄ ምልክት ያገኛል። ሁለት ዓይነት ብልሽት መለየት ያስፈልጋል፦ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ከታዩ ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ አለ፣ የተሳሳተው አነባበቡ ነው፤ በዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ከተቀመጠ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል፣ እንደገና ከመጻፍ በቀር መመለሻ የለውም። ሰንጠረዡም፣ ፒኤችፒ ከዳታቤዙ ጋር የሚያደርገው ግንኙነትም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (በዳታቤዙ ውስጥ ሙሉው ዩቲኤፍ8 የሚጠራበት ስም) መሆን አለባቸው፤ ገጹም ዩቲኤፍ8 መሆኑን ማሳወቅ አለበት። ከሦስቱ የሚረሳው ብዙውን ጊዜ ግንኙነቱ ነው።

የፒኤችፒ ኮድ እንዳለ ተጽፎ የሚታየው ፋይሉ በሰርቨሩ በኩል ሳይሆን ከፎልደሩ በቀጥታ ሲከፈት ነው፤ ዛምፕ ገጾችን በሚያነብበት «ኤችቲዶክስ» ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ በሎካልሆስት (የራስ ኮምፒውተር አድራሻ) መክፈት ይበቃል።

ለመማሪያነት ዛምፕን ያለማመንታት እመክራለሁ። የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ ያለ የይለፍ ቃል ስለሚመጣ ግን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሰርቨር ላይ መጫን የለበትም፤ አዘጋጆቹም የሠሩት ለልምምድና ለግንባታ መሆኑን ይናገራሉ። የይለፍ ቃል የሚያወጣ ሰው ዳታቤዙን በብራውዘር በሚያስተዳድረው በፒኤችፒማይአድሚን የማስተካከያ ፋይል ውስጥም ያንኑ ቃል ማስገባት አለበት፤ አለበለዚያ በማግስቱ ሊከፍተው ሲል መግባት ተከልክሏል የሚል መልእክት ይጠብቀዋል።